ከመሣሪያው ጀርባ

የቤት ሙዚቃ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ከመሣሪያው ጀርባ ነው። ከፊት ሲታይ ሁሉም በቦታው ነው፤ አምፕሊፋየሩ በርቷል፣ ስፒከሮቹ ተወልውለዋል፣ ሸክላው ይሽከረከራል። አዙራችሁ ስታዩት ግን አቧራ የጠገበ ገመድ፣ የላላ ጃክ፣ አንዳንዴም በክብሪት እንጨት የተወጠረ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። በእኛ ሠፈር በስድስት ኪሎ «ስፒከሩ ሞቷል»፣ «አምፑ ደክሟል» እየተባሉ ወደ ጥግ የተገፉ ብዙ ዕቃዎች አይቻለሁ። በእውነት የሞቱት ጥቂቶች ናቸው።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይደለሁም። ከየካቲት 12 አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ አሮጌ የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ከአባቴ የወረስኩትን የሸክላ ማጫወቻ፣ አንድ የጀርመን ሬዲዮና አንድ የጃፓን አምፕሊፋየር ይዤ የምኖር ዘፈን ወዳድ ሴት ነኝ። ዕቃዎቹን በሕይወት ለማቆየት ስል ፒያሳ ከነበሩ ሬዲዮ ሠሪዎች ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ፤ አይቻለሁ፣ ጠይቄያለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሞክሬያለሁ። ከዚያ የቀሰምኩትን እነሆ፤ ቅደም ተከተሉ እንደመጣልኝ ነው።

ነቅሎ መሰካት ግማሽ ጥገና ነው

ድምፅ ሲቆራረጥ ወይም ሲታፈን መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። አምፑን አጠፋለሁ፣ እያንዳንዱን ጃክ ግራና ቀኝ እያሽከረከርኩ ነቅዬ መልሼ እሰካለሁ። ሌላ ምንም ሳይነካ ሙዚቃው የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አብዛኛው ጃክ የሚሠራው ከናስ ነው፤ ናስም ሆነ መዳብ አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ ስስ ዝገት ያበጃል። ይህ ዝገት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም። ጃኩ ሲሽከረከር ብረት ከብረት ይፋተግና ስሱ ሽፋን ይፋቃል፤ ንጹሕ ብረት ንጹሕ ብረትን ይነካል። ዓመት ሙሉ ሳይነካ የተቀመጠ ጃክ ከሚነቀል ከሚሰካው ቀድሞ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

የእኛ ሠፈር አየር ደግሞ ለጃክ አይራራም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት እርጥበት፤ በመካከሉ የቡናው እጣንና የማገዶው ጭስ አለ። ኅዳር 12 ቀን ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሲያቃጥል የሚነሳውን ጭስ አስቡት፤ ጎማውም ላስቲኩም አብሮ ይነዳል። ከጭስ ውስጥ በተለይ ሰልፈር ያለበት ለመዳብና ለብር ጠላት ነው፤ ያጠቁራቸዋል። ኅዳር ሲታጠን መሣሪያዬን በአቡጀዲ እሸፍናለሁ። እናቴ ትስቅብኛለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቀይና ነጩን ጃክ አምፑ እየሠራ አትንቀሉ፣ አትስኩ። ይህ ጃክ ከጥንት የመጣ ጉድለት አለበት፤ ሲሰካ የመሃሉ እሾህ ቀድሞ ይነካል፣ ዙሪያው ያለው የመሬት ቀለበት ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በዚያች ቅጽበት አምፑ ሜዳ ላይ የቀረ ሽቦ ይሰማል፤ ስፒከሩም «ድው!» ይላል። ድምፁ ከፍ ብሎ ከነበረ የስፒከሩን ጥቅል ሊያቃጥለው ይችላል።

ጥፋተኛው የሚገኘው በማፈራረቅ ነው

ይህን ያስተማሩኝ አንድ አረጋዊ ሬዲዮ ሠሪ ናቸው። የግራው ስፒከር ድምፅ ጠፍቶብኝ አምፑን ተሸክሜ ስሄድ ቀና ብለው አዩኝና «የኔ ልጅ፣ ይህን ከባድ ዕቃ ከመሸከምሽ በፊት ገመዶቹን አፈራርቀሻቸዋል?» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቀዩን በነጩ ቦታ፣ ነጩን በቀዩ ቦታ ሰክተሽ አዳምጪ። ዝምታው ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥፋቱ ከአምፑ በፊት ነው፤ ማጫወቻው ወይም ገመዱ ነው። እዚያው ግራ ከቀረ አምፑ ወይም ስፒከሩ ነው። ከዚያ ደግሞ የስፒከሩን ሽቦ ታፈራርቂያለሽ።»

ዝምታው ተሻገረ። ገመዱ ነበር። የጥገና ዋጋ አልተቀበሉኝም፤ ቡና ጋበዝኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም ጎረቤት «ዕቃዬ ተበላሸ» ሲለኝ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ የእርሳቸውን ነው። ባለሙያ ቤት ሄዶ «አይ.ሲው ተቃጥሏል» ከመባል ያድናል፤ ጥፋቱ ወዴት እንዳለ አውቆ የሚሄድ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ሸክላ ላይ ቀልድ የለም

ስለ ጃክ ጥራት የምር መጨነቅ ያለበት የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት የሚደርስ ድምፅ ወደ አምፑ ይልካል። በብዙ ቤት የሚገኘው ዓይነት የሸክላ መርፌ ግን የሚሰጠው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ ከ400 እስከ 670 እጥፍ ገደማ ያነሰ ማለት ነው። ለሲዲው ከቁጥር የማይገባ እንከን ለሸክላው ትልቅ ነውር ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ አለዚያ ቦዩ እየሰፋ ዘፈኑ ሸክላው ላይ አይበቃም። አምፑ ሲያጫውት የተቀነሰውን ይመልሳል። ለዚህ የወጣው የአሜሪካ ሸክላ አምራቾች ማኅበር ደንብ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ሁሉ ተይዟል። በደንቡ መሠረት በ50 ኸርትዝ ላይ ያለ ድምፅ ከመካከለኛው ድምፅ 7 እጥፍ ያህል ይበልጥ ይጎላል። የቤታችን መብራትስ ስንት ነው? 50 ኸርትዝ። እንግዲህ የላላ ጃክ ከግድግዳው ሽቦ የለቀመውን «እምምም» አምፑ ራሱ አክብሮ፣ አግንኖ ያስተናግደዋል ማለት ነው። አንድ የቀለበት ልቅነት ሙሉ ክፍል በጉርምርምታ ይሞላል።

ችግሩ ከጀርባው ጃክ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የመርፌውን ራስ ገልብጣችሁ ብታዩ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ነጭና ሰማያዊ ለግራ፣ ቀይና አረንጓዴ ለቀኝ። እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ካለች የብረት እሾህ ጋር በጥቃቅን ማቀፊያ ይያያዛል። በሕይወቴ ካየኋቸው መገናኛዎች ሁሉ ደካማው ይህ ነው፤ ማንም አያየው፣ ማንም አያጸዳው። እኔ ማቀፊያውን በትንሽ ፒንሳ ቀስ ብዬ አወጣና እሾሁን በአልኮል በነከርኩት ጥጥ አብሳለሁ፤ የማቀፊያውን ውስጥ ደግሞ በስቴኪኒ ጫፍ እጠርጋለሁ። ከላላም በፒንሳው በጣም በጥቂቱ እጨብጠዋለሁ። ሽቦውን ይዞ መሳብ ክልክል ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ይበጠሳል።

የዚህ ልፋት ዋጋ የሚገባው የራሳችንን ሸክላ ስናጫውት ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የሀገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ ካይፋና ፊሊፕስ ያወጧቸውም ተጨምረው፣ ካሴት እስኪተካቸው ድረስ በየቤቱ የገቡት ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። በጠላ ቤት፣ በቡና ቤት፣ በሠርግ ቤት ያለፉ ናቸው። ሲንኮሻኮሹ ሰው ሁሉ «ሸክላው አርጅቷል» ብሎ ይተዋል። ግን ጆሮ ይለየዋል። ጭረት ከሆነ ኮሽታው ምት አለው፤ በደቂቃ 45 ዙር የምትሽከረከረው ሸክላ በየ1.3 ሰከንድ፣ ትልቁ ባለ 33ቱ በየ1.8 ሰከንድ እዚያው ቦታ ላይ «ጠቅ» ይላል። ኮሽታው ምት ከሌለው፣ ሲፈልገው መጥቶ ሲፈልገው የሚጠፋ ከሆነ፣ በተለይ ገመዱ ሲነካ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሸክላውን ተዉትና ጃኩን ያዙ። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ሳዳምጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ከሽለላው ጋር ተደባልቆ ነበር፤ እሾሆቹን ካጸዳሁ በኋላ ሳክስፎኑ ብቻውን ቀረ።

የጀርመኑ ባለ አምስት እግር

አዲስ አበባ ውስጥ ከአውሮፓ የመጣ አሮጌ ሬዲዮ ያለው ሰው ይህን ሶኬት ያውቀዋል፤ ክብ ነው፣ አምስት ቀዳዳ በግማሽ ጨረቃ ተደርድሮበታል። «ዲን» ይባላል፤ የጀርመን ደረጃዎች ተቋም ያወጣው ነው። ቀይና ነጩ ጃክ ደግሞ የአሜሪካው አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሸክላ ማጫወቻን ከሬዲዮ ጋር ለማገናኘት ያበጀው ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ሲቀረጹ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፤ ድምፃቸው በጡሩምባ መሰል ቱቦ ገብቶ መርፌውን በራሱ ጉልበት አንቀጥቅጦ ነው ሰሙ ላይ የተጻፈው። በኤሌክትሪክ መቅረጽ የመጣው ከ1925 ወዲህ ነው።

ዲኑን ከቀይና ነጭ ጋር ለማገናኘት መካከል ላይ የሚገባ ገመድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው፦ መካከለኛው 2 ቁጥር መሬት ነው፤ 3ና 5 ማጫወቻ፣ ግራና ቀኝ፤ 1ና 4 መቅጃ። ገበያ ላይ የሚሸጡ አንዳንድ መቀየሪያዎች የተበየዱት በ1ና በ4 ላይ ብቻ ነው። እነሱን ሰክቶ «ሬዲዮው ድምፅ አይወጣውም» ማለት ሬዲዮውን መበደል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በቴስተር ማስለካት ይቻላል፤ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ግን ለጀርመኖቹ እመሰክራለሁ። ከአሮጌ ሬዲዮ የተፈታ ዲን ሶኬት ብረቱ ወፍራም፣ ጭብጡ ጠንካራ ነው። ምናለሽ ተራ ከተጣለ ዕቃ ውስጥ ፈልጌ ያወጣሁት አንዱ ዛሬም ድረስ ያገለግለኛል፤ አዲስ ገዝቼ ከሰካሁት ይበልጣል።

ወርቅ ለመልኩ አይደለም፣ ለድምፁም አይደለም

የሱቅ ሰዎች «ወርቅ ነው፣ ድምፁ ይለያል» ይላሉ። ወርቅ ከመዳብ የተሻለ አስተላላፊ አይደለም። በማይክሮ ኦም ሴንቲ ሜትር ሲለካ ብር 1.59፣ መዳብ 1.68፣ ወርቅ 2.44 ነው፤ ወርቅ ከመዳብ 45 በመቶ ያህል ይበልጥ ያግዳል ማለት ነው። ጃክ በወርቅ የሚለበጠው ወርቅ ስለማይዝግ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመትም እንደ ዛሬው ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃል። ጥቅሙ ይህ ብቻ ነው፤ ለእኛ አየር ደግሞ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን በርካሹ ጃክ ላይ ያለው የወርቅ ሽፋን ከአንድ ማይክሮን የቀጠነ ነው። ጥቂት ጊዜ ከተነቀለና ከተሰካ በኋላ ይፋቅና ከሥሩ ያለው ናስ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ወርቅ የለበትም፤ ቢጫ ቀለም ነው። ሁለተኛ፣ ጃኩ ወርቅ ሆኖ አምፑ ላይ ያለው ሶኬት ቆርቆሮ የተለበጠ ከሆነ ጋብቻው ጥሩ አይደለም። ሁለቱ ብረቶች በትንሽ ንዝረት ሲፋተጉ ቆርቆሮው እየተፋቀ ዱቄት የመሰለ ዝገት ይተዋል። አሮጌ አምፕ ያለው ሰው ቆርቆሮ መሳይ ነጭ ሶኬት ካየ፣ ወርቅ ያልተለበጠውን ጃክ ቢመርጥ ይሻለዋል።

እኔ ከወርቁ ይልቅ ጭብጡን ነው የማየው። ጃኩ ሲገባ መታገል አለበት፣ ከገባ በኋላ ገመዱ ሲወዛወዝ አብሮ መወዛወዝ የለበትም። ከዚያ ሽፋኑን ፈትቼ ብየዳውን አያለሁ። ሊዱ የሚያብለጨልጭ፣ ሽቦውን ያቀፈ ከሆነ ደግ ነው፤ የደበዘዘና እንደ ጠብታ የተንጠለጠለ ከሆነ ቀዝቃዛ ብየዳ ነው፣ ነገ ይለቃል።

በብርሃን የሚሠራውን የድምፅ ገመድ ጫፍ በወርቅ ለብጦ የሚሸጥ ነጋዴም ገጥሞኛል። ብርሃን በፕላስቲክ ክር ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ወርቁ ምን ሊያደርግለት?

ስፒከር ጉልበት ይፈልጋል

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በቀይና ነጩ ጃክ በኩል የሚያልፈው ጅረት ኢምንት ነው፤ የአምፑ መግቢያ 47,000 ኦም ያህል ስለሆነ ጃኩ ላይ አንድ ኦም ቢጨመር ለውጡን ጆሮ አይሰማውም። እዚያ የምንፈራው መቆራረጥንና የመሬቱን ልቅነት ነው። የስፒከሩ ሽቦ ግን ሌላ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ነው እንበል። የዛገ መግቢያ 1 ኦም ቢጨምርበት ከጉልበቱ 21 በመቶው ይጠፋል፤ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ 36 በመቶው። ከጠፋው ጉልበት ከፊሉ እዚያው መግቢያው ላይ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ደግሞ ዝገቱን ያባብሳል። በተጨማሪ የስፒከር ኦም ከድምፅ ድምፅ ይለያያል፤ ስለዚህ ጉልበት ብቻ አይቀንስም፣ የዘፈኑም መልክ ይዛባል። አንዱ ቦታ ይዋጣል፣ ሌላው ይጎላል።

የሽቦው ውፍረትም ይቆጠራል። ከአምፑ 5 ሜትር ለራቀ ስፒከር ሽቦው ደርሶ መልስ 10 ሜትር ነው። ስስ የመብራት ሽቦ፣ ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትሩ፣ 0.22 ኦም ይጨምራል፤ 2.5ቱ 0.07 ብቻ። ከ2.5 በላይ መሄድ ለቤት ሙዚቃ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ልብ በሉ ግን፤ መዳብ መስሎ የሚሸጥ ብዙ ሽቦ ውስጡ አልሙኒየም ነው፣ ላዩን መዳብ ተቀብቷል። በምላጭ ሲፋቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሲነሳም ቀላል ነው። ያስተላልፋል፣ ግን ከመዳቡ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ያግዳል። ይባስ ብሎ አልሙኒየሙ ጫፉ ላይ በአየር ሲዝግ ዝገቱ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ አይፋቅም።

ጫፉን የምሠራው እንዲህ ነው። ላስቲኩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ልጬ ክሮቹን አጥብቄ አጠነጥናለሁ። አንዲት ክር እንኳ ወደ ጎን እንዳትወጣ በጥንቃቄ አያለሁ፤ ያቺ ክር ቀዩን ከጥቁሩ ብታነካ የአምፑ ትራንዚስተር ይሄዳል፣ ጥገናውም ከጃክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ብሎን ያለበት መግቢያ ከሆነ ጫፉን በሊድ አላለብጠውም፤ ሊድ ለስላሳ ስለሆነ ብሎኑ ሲጫነው እየተለጠጠ ከጊዜ በኋላ ይላላል። ስፕሪንግ ያለው መግቢያ ከሆነ በየዓመቱ ጫፉን ቆርጬ አዲስ ንጹሕ መዳብ አወጣለሁ። አምፑ የሙዝ ቅርጽ ያለውን ጃክ ከተቀበለ ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ በደንብ ይበየዳል፣ ከዚያ ይረሳል።

ቀይና ጥቁርን አንድ ስፒከር ላይ አገላብጦ መስካት ደግሞ በየቤቱ አለ። ሁለቱም ስፒከሮች ይጮኻሉ፣ ማንም አይጠረጥርም፤ ቤዙ ግን ይከሳል፣ ዘፋኙም የት እንደቆመ አይታወቅም። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ነው። ሞኖ የተቀረጸ ዘፈን አጫውታችሁ በሁለቱ መካከል ቁሙ፤ ድምፁ ከመሃል ከመጣ ደህና ነው።

የሚነዝረው ዲሽ

የዲሹን ገመድ ነቅላችሁ ብረቱን በአንድ እጅ፣ የአምፑን ሳጥን በሌላው ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ ከሆነ ይህ ክፍል ለእናንተ ነው። ሪሲቨሩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ የኮምፒውተሩ ቻርጀርም ውስጣቸው ያለው ማጣሪያ ጥቂት ጅረት ወደ ሳጥኑ ያሾልካል። ቤቱ መሬት፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች «ኧርዝ» የሚሉት፣ ካለው ጅረቱ በዚያ ይወርዳል። ከሌለው ሳጥኑ በ220 ቮልቱ ግማሽ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ጅረቱ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይገድልም። መውጫ ሲያጣ ግን በቀይና ነጩ ጃክ ቀለበት በኩል ወደ አምፑ ይሻገራል። ቀለበቱ የላላ ከሆነ «እምምም» ይጀምራል።

አሮጌ የስድስት ኪሎ ቤቶች ብዙዎቹ ኧርዝ የላቸውም። ባለሦስት እግር የዱባይ ሶኬት በመቀየሪያ ባለሁለት እግር ተደርጎ ሲሰካ ያለውም ይጠፋል። ጉምጉምታ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የዲሹን ገመድ እነቅላለሁ፤ ጸጥ ካለ ምንጩ ታወቀ። ቀጥሎ ሪሲቨሩን፣ አምፑንና ማጫወቻውን ከአንድ ዲቫይደር ላይ እሰካቸዋለሁ፤ መሬታቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል። ሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ከጀርባው የምትወጣዋን ብቻዋን ያለች ቀጭን ሽቦ አምፑ ላይ ካለው የመሬት ብሎን ጋር በካቻቢቴ አጥብቄ አስራታለሁ። እሷ ተረስታ ስንት ሰው ማጫወቻውን ሸጧል!

አንዳንድ ጠጋኝ ጉምጉምታውን ለማጥፋት የኧርዙን እግር ይቆርጣል። ጉምጉምታው ይጠፋል፤ አንድ ቀን የመብራቱ ሽቦ ሳጥኑን ቢነካ ግን ያን ሳጥን የሚነካ ሰው ሕይወቱን ያጣል። ይህን አታስደርጉ። ኧርዝ በባለሙያ ማስቀበር የተሻለ ወጪ ነው። ክረምት ላይ ሰማይ ሲጮህ ደግሞ የዲሹንም የመብራቱንም ሶኬት ነቅሎ መቀመጥ ነው።

በምን ይጸዳል?

ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል ይበቃል። ባለ 70 በመቶው ውሃ ስላለበት እስኪደርቅ በደንብ መጠበቅ ነው፤ ከተገኘ 96ቱ ይሻላል። የጆሮ ጥጥ፣ ቀጭን ጨርቅ፣ ከዚያ ማድረቅ። በጣም የጠቆረ የናስ ጃክ ከሆነ የእርሳስ ላጲስ ያነሳዋል፤ በወርቅ ላይ ግን ላጲስ አይሆንም፣ ሽፋኑን ይልጠዋል። የአሸዋ ወረቀት ለማንኛውም ጃክ እርም ነው።

ነጭ ጋዝ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ቅባት ይተዋል፣ ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል፤ በሁለተኛው ወር ከነበረው ብሶ ታገኙታላችሁ። ቤንዚን ደግሞ ፕላስቲኩን ያሟሟል፣ ቤትም ያቃጥላል።

ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ እሱም ዘመዱ ነው፤ ውስጡ የሚንሸራተት ብረት አለ። አምፑን ከመብራት ነቅሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ ማሽከርከር በብዛት ያሻሽለዋል። ለእሱ ተብሎ የሚሸጥ የሚረጭ ማጽጃም አለ፤ አልኮል ግን እዚያ ውስጥ አላስገባም፣ ቅባቱን አጥቦ ያደርቀዋል።

ዲጂታሉ ሌላ ሕግ አለው

በኤችዲኤምአይ ወይም በብርሃን ገመድ የሚመጣ ድምፅ ሲበላሽ ጨርሶ ይቆማል ወይም ይቆራረጣል፤ ቤዙ አይከሳም፣ ዘፋኙ አይታፈንም። ስለዚህ «ይህ ኤችዲኤምአይ ድምፁን ያሞቀዋል» የሚል ሻጭ ከመጣ በፈገግታ ማለፍ ነው። የሚይዝ፣ የማይላላ፣ ርዝመቱ የሚበቃ ይሁን፤ በቃ።

ጃክ የማይፈውሰው

ያለቀ መርፌን ጃክ አያድንም፤ መርፌው ሸክላውንም እየፋቀ ይጨርሰዋል። የቆሸሸ የቴፕ ራስንም ጃክ አያድነውም። ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው፦ ስፒከሩ ጥግ ላይ ከተሸጎጠ ቤዙ ያብጣል፤ ሴራሚክና መስታወት በበዛበት አዲስ ኮንዶሚኒየም ድምፁ ይንጫጫል። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው አሮጌ ቤት በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ እስኪጀምር ድረስ። ያኔ የዓለም ምርጥ ጃክም አያድን።

ሲገዛ

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. መፍረስ ሲጀምር የማውቃቸው ሬዲዮ ሠሪዎች ተበተኑ፤ አንዳንዶቹን እስካሁን አላገኘኋቸውም። አሁን ጃክና ሽቦ የምገዛው ከመርካቶ ነው፤ ማንም አጠገቤ ቆሞ ስለማይመክረኝ ቦርሳዬ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይዤ እሄዳለሁ። ማግኔቱ ጃኩን ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፣ ለጭብጡም ለዝገቱም አይሆንም፤ ናስ ማግኔት አይስበውም። ሽቦውንም እንዲሁ፤ መዳብ የተቀባ ብረት ይሸጣልና። ከዚያ ሽፋኑን አሽከርክሬ እፈታለሁ። የላስቲክ ቅርፊት ብቻ ሆኖ የማይፈታ ከሆነ ነገ ሲበጠስ መበየድ አይቻልም። ከተፈታ ሁለት ነገር አያለሁ፦ ሽቦው ሲሳብ ክብደቱ ብየዳው ላይ እንዳያርፍ የሚይዘው የብረት ማቀፊያ አለ ወይ? የመሬቱ ሽቦስ ሙሉ ሽሩባው ነው ወይስ ሦስት አራት ክር ብቻ? አንድ ሻጭ ይህን ሁሉ ስሠራ በትዕግሥት ሲያየኝ ቆይቶ «እህቴ፣ ይሄ የሃምሳ ብር ጃክ ነው እኮ፣ ቀለበት አስመሰልሽው» አለኝ። ከሥር ካለው ካርቶን ሌላ ዓይነት አወጣልኝ፤ ማግኔቱ አልሳበውም፣ ማቀፊያም ነበረው። እሱን ገዛሁ።